የባሕር ኤሊ በመንጠቆ ወይም በመረብ ስትያዝባችሁ፦ ቶሎ አትልቀቋት

ዓርብ ጠዋት ነበር። እስራኤል፣ ናታኒያ ከተማ፣ ከገደሉ ሥር፣ ማዕበል ከሚሰብረው የድንጋይ ክምር ላይ ቆሜ ሳርጎስ የሚባለውን ዓሣ እጠብቃለሁ። ክሩ ድንገት ከበደ። እንደ ዓሣ አይንቀጠቀጥም፤ ዝም ብሎ ይከብዳል። ድንጋይ ይዞብኝ ነው ወይም ላስቲክ ነው ብዬ ጎተትኩ። ደግሜ ጎተትኩ። ከዚያ ጡጫ የሚያህል ቡናማ ራስ ከውኃው ብቅ አለና በኃይል ተነፈሰ። ረጅም መንገድ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ነው የሚመስለው። ያን ድምፅ ከሰማችሁ በኋላ እንደ ዓሣ ልታዩዋት አትችሉም።

ኤሊ ናት፤ መንጠቆዬም አፏ ውስጥ ነው። ደነገጥኩ። አሳዘነችኝ። ቶሎ ብዬ ክሩን ከዘንጉ ጫፍ ላይ ቆረጥኩና ለቀቅኳት። ጠለቀች። መንጠቆውንም፣ ስንት ሜትር እንደሆነ የማላውቀውን ናይሎንም ይዛ ሄደች። አጠገቤ የሚያጠምዱ አንድ የጎንደር አባት ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ ያዳንካት መሰለህ?" አሉኝ። "ታዲያ አባባ፣ ምን ላድርግ ኖሯል?" አልኳቸው። "ክሩን ይዘህ መደወል ነበረብህ እንጂ። ሐኪሞቿ እኮ ሚኽሞሬት ናቸው፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር" አሉ።

ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በክፋት ያደረግኩት አይደለም፤ በርኅራኄ ነው። ግን ብዙ ኤሊ የሚሞተው እንዲህ ባለ የተቻኮለ ርኅራኄ ነው። ከዚያ በኋላ ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ ከሚያውቁት ጋር አወራሁ። በናታኒያ፣ በአሽዶድ፣ በአሽኬሎን፣ በሐዴራ ዘንግ ይዛችሁ ለምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ በጀልባ ለምትሠሩም፣ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ይህን እወቁ

የባሕር ኤሊ የምትተነፍሰው እንደኛው በሳንባ ነው። ተኝታ ስታርፍ ውኃ ውስጥ ለሰዓታት መቆየት ትችላለች፤ መረብ ይዟት ስትታገል ግን አየሯን በፍጥነት ትጨርሳለች፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ልትሰጥም ትችላለች። ማታ ተዘርግቶ ጠዋት የሚነሣ መረብ እንግዲህ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መረቡ ላይ የተያዙትን ዓሦች ልትበላ ትመጣለች፣ መቅዘፊያዋ ይጠላለፋል፣ ወደ ላይ መውጣት አትችልም።

እኛ ባሕር ዳርቻ እንቁላል የሚጥሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ ራሰ ትልቋ፣ በዕብራይስጥ "ፃብ ያም ኹም" የምትባለው፣ ቡናማዋ ናት። መንጋጋዋ ቀንድ አውጣና ሸርጣን የሚፈጭ ነው፤ ጣታችሁን አታስጠጉ። ሁለተኛዋ አረንጓዴዋ ናት፣ "ፃብ ያም ያሮክ"፣ ስታድግ የባሕር ሣር የምትግጠው። ሁለቱም ለመውለድ እስኪደርሱ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አንዲት ትልቅ ሴት ኤሊ ስትሞት የሞተችው አንዷ ብቻ አይደለችም፤ ገና ልትጥለው የነበረው እንቁላል ሁሉ አብሮ ነው የሄደው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ግምት በሜዲትራኒያን ባሕር በየዓመቱ ከ130 ሺህ ጊዜ በላይ ኤሊዎች በማጥመጃ እንደሚያዙና ከ40 ሺህ በላይ እንደሚሞቱ ይናገራል። ይህ ሁሉ ኤሊ በማይፈልጉ ሰዎች እጅ ነው የሚያልቀው። ኤሊ ፈልጎ የወጣ ማን አለ? የኛ ሰው ኤሊ አይበላም፤ ኦሪትም አይፈቅድም።

ከቤት ስትወጡ የምትይዙት

ብዙ አይደለም። ጫፉ ያልሾለ ጠንካራ መቀስ፣ አንድ ትልቅ አሮጌ ፎጣ፣ ወፍራም ጓንት፣ እጀታ ያለው ሰፊ የዓሣ ማውጫ መረብ። ከድንጋይ ክምር ወይም ከድልድይ ላይ የምታጠምዱ ከሆነ መረቡ እጀታው ረጅም ይሁን፣ አለዚያ ውኃው ጋ አይደርስም። ለአንድ ሰው ከከበደ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ግዙ። እኛ እንደዚያ ነው ያደረግነው፤ ቀድሞ የመጣ ሰው ይዞት ይመጣል።

ስልካችሁ ላይ ደግሞ አሁኑኑ፣ ይህን ከማንበባችሁ ሳትነሡ፣ ኮከብ 3639 መዝግቡ። የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን፣ "ራሹት ሀቴቫ ቬሀጋኒም"፣ የስልክ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሚኽሞሬት ላይ የተቋቋመው የባሕር ኤሊዎች ማዳኛ ማዕከልም በዚሁ ባለሥልጣን ሥር ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2021 የካቲት ላይ ዘይት ባሕሩ ላይ ፈስሶ ዳርቻው ሁሉ በሬንጅ ሲጠቁር፣ ሬንጅ የዋጡ ኤሊዎችን ማዮኔዝ እያበሉ ያጠቡላቸው እነዚህ ናቸው።

1. መጎተት አቁሙ

ክሩ ከብዶ ራስ ብቅ ሲል የመጀመሪያው ነገር እጅን ማረጋጋት ነው። ክሩን አትሳቡ። ሙሉ በሙሉም አትልቀቁት፤ ከለቀቃችሁት ወደ ድንጋዩ ሥር ገብታ ትጠላለፋለች። ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ያዙና ወደ ላይ ወጥታ እንድትተነፍስ ዕድል ስጧት። ትታገላለች፣ ትደክማለች፣ ትተነፍሳለች። ታገሡ።

አጠገባችሁ ያሉት ሰዎች ክራቸውን እንዲያወጡ ንገሯቸው። የሌላ ሰው መንጠቆ ሁለተኛ ቁስል እንዳይሆንባት ነው።

አንድ ሰው እየያዘ ሌላው ይደውል። ብቻችሁን ከሆናችሁ አላፊ አግዳሚውን ጥሩ፤ ባሕር ዳር ሰው አይጠፋም።

2. ደውሉ

ከመደወል የሚያስቀረን ቋንቋው እንደሆነ አውቃለሁ። በተለይ እናቶቻችንና አባቶቻችን "ዕብራይስጤ አይበቃም፣ ምን ብዬ አስረዳለሁ" ብለው ይተዉታል። አራት አምስት ቃል ትበቃለች፦

"ፃብ ያም ኒትፓስ ሊ ባኻካ" ማለት የባሕር ኤሊ በዘንጌ ተያዘችብኝ ነው። በመረብ ከሆነ "ኒትፓስ ባሬሼት" በሉ። መንጠቆው አፏ ውስጥ ካለ "የሽ ሎ ኬሬስ ባፔ"። በሕይወት ካለች "ሁ ኻይ"፤ የማትንቀሳቀስ ከሆነ "ሁ ሎ ዛዝ"። ከዚያ ከተማውንና ቦታውን ንገሩ፣ "ማ ላአሶት?" (ምን ላድርግ?) ብላችሁ ጠይቁ። ፎቶ አንሡ፤ ከጠየቋችሁ ትልካላችሁ። ያለችበትን ቦታ ከስልካችሁ ካርታ ላይ መላክ ደግሞ ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል።

"ኤሊ ይዘሃል ተብዬ ብቀጣስ?" የሚል ፍርሃት አለ። ሰምቻለሁ፣ ሰው በዚህ ምክንያት ሲደብቅ። ሕጉ ኤሊዋን ይጠብቃታል፤ መግደል፣ ወስዶ ማቆየት፣ መሸጥ ክልክል ነው። ሳታስቡት የተያዘችባችሁን ኤሊ ደውሎ ማስታወቅ ግን ባለሥልጣኑ ራሱ ከሕዝብ የሚለምነው ነገር ነው።

3. ከውኃ ማውጣት

በክሩ አንጠልጥላችሁ በፍጹም አታውጧት። ክሩ ሲሳብ መንጠቆው ጉሮሮዋን ይቀድዳል። ከሥሯ መረቡን አስገቡና በመረቡ አንሡ። የማውጫ መረብ ከሌላችሁ፣ ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ዝቅ ወዳለው አሸዋማ ዳርቻ ቀስ እያላችሁ ምሯት፤ እግረኛ ሕፃን እንደምትመሩ።

እጅ የሚያርፈው ቅርፊቷ ላይ ብቻ ነው። አንድ እጅ ከአንገቷ በላይ ባለው የቅርፊቱ ጠርዝ፣ ሌላው እጅ ከጭራዋ በላይ ባለው ጠርዝ። በመቅዘፊያዋ አትያዙ፣ ከትከሻዋ ይወልቃል። በጭራዋም አትያዙ። ከፊቷ አትቁሙ። በጀርባዋም አትገልብጧት፤ ዝም ስለምትል የተረጋጋች ይመስላል እንጂ የራሷ ሆድ ዕቃ ሳንባዋን ይጫናታል።

በጀልባ ላይ ከሆናችሁና ኤሊዋ ልታነሷት የማትችሉት ያህል ትልቅ ከሆነች እዚያው ውኃው ላይ አጠገባችሁ አቆዩዋት። ከእናንተም ሕይወት የሚበልጥ የለም። ማዕበል ከበረታ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለላችሁ ልታወጧት አትሞክሩ።

4. መንጠቆው

እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንሳሳተው፣ ስለዚህ ልቆይበት።

መንጠቆውን ራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ። ላዩን የሚታይ ቢመስልም ጫፉ የት እንደገባ ማየት አይቻልም። ውጣ ውረዱ ለሐኪም ነው፤ እነሱ በራጅ አይተው ነው የሚያወጡት።

ክሩስ? ሁለት ሁኔታ አለ፣ መልሳቸውም ተቃራኒ ነው።

ሰው እየመጣ ከሆነ፣ ወይም ኤሊዋ ወደ ማዕከሉ የምትሄድ ከሆነ፣ ክሩን ከአፏ ውጭ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ። ሐኪሙ መንጠቆው ወዴት እንደገባ የሚከታተለው በዚያ ክር ነው። እንዳትውጠው ጫፉን በፕላስተር ቅርፊቷ ላይ ለጥፉት።

ምንም መንገድ ከሌለ፣ ማለትም ጥልቅ ባሕር ላይ ናችሁ፣ ስልክ አይሠራም፣ ልታነሷት አትችሉም፣ ከመልቀቅ ውጭ ምርጫ የለም፣ ያን ጊዜ ክሩን መቀሱ እስከደረሰበት ድረስ ለመንጠቆው አስጠግታችሁ ቁረጡ። የሚቀረው ክር ባጠረ ቁጥር የመትረፍ ዕድሏ ይጨምራል።

ለምን ክሩ ከመንጠቆው ይብሳል? መንጠቆ ብቻውን አንዳንዴ ይዝጋል፣ ይወድቃል ወይም ያልፋል። ረጅም ናይሎን ግን አንዱ ጫፉ መንጠቆው ላይ ታስሮ ሌላው ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀት ምግብ ለማሳለፍ ይገፋል፣ ክሩ ደግሞ አይሄድም። የሱሪ መቀነት ክር ሲሳብ ጨርቁ ተሸብሽቦ እንደሚሰበሰበው አንጀቷ ክሩ ላይ ይሰበሰባል። በመጨረሻ ክሩ ይቆርጠዋል። ይህ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም፤ ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ያን ቀን "ዳነች" ብዬ የለቀቅኳት ይህን ሆዷ ውስጥ ይዛ ነው።

ስለዚህም ክር ከአፏ ወይም ከጭራዋ በኩል ተንጠልጥሎ ብታዩ አትሳቡት። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ።

5. መረብ፣ ገመድ፣ ማዳበሪያ

ማዳበሪያ ስል ያን የሚተረተረውን የፕላስቲክ ከረጢት ነው፣ ጤፍ የሚመጣበትን ዓይነት። ባሕሩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ክሩ ይፈታል፣ ኤሊዋ ሥሩ ለመጠለል ወይም የተጠለሉትን ትንንሽ ሸርጣኖች ለመብላት ትመጣና አንገቷና መቅዘፊያዋ ይጠመጠማል። ስታድግ ክሩ አያድግም። ሥጋዋን እየቆረጠ ይገባል። አንድ እጃቸው በዚህ የተቆረጠባቸው ኤሊዎች አሉ።

ከመረብ ስታወጧት አትጎትቱ፤ መረቡን ቁረጡ። መረብ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። የተቀደደ መረብ ግን ይሰፋል። መቀሱን ሁልጊዜ ከሰውነቷ ወደ ውጭ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቢላ አትጠቀሙ፤ ድንገት ስትወራጭ ቢላው የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አንገቷን የያዘውን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ መቅዘፊያዋን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ክሩ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ቆዳ የበላበት ከሆነ ያን አትንኩት። ደሟን ይዞ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ከመረቡ ለዩና እንዳለ ለሐኪሙ ተዉት።

ተፈታች፣ ቁስልም አይታይባትም፣ መቅዘፊያዋን በኃይል ትመታለች። ልቀቋት? አሁንም አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የስፔን፣ የቫሌንሲያ ሐኪሞች ከመረብ የወጡ ቡናማ ኤሊዎችን መርምረው ማንም ያልጠበቀውን ነገር አሳዩ፦ ከጥልቅ ውኃ በመረብ ተጎትተው ሲወጡ ልክ እንደ ጠላቂ ሰዎች ደማቸው ውስጥ የአየር አረፋ ይፈጠራል። ስትወጣ ጤነኛ ትመስላለች፣ ከሰዓታት በኋላ ትዳከማለች፣ ባሕር ውስጥ ከሆነች ማንም ሳያያት ትሞታለች። ከዚያ በፊት የነበረው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ "እየዋኘች ሄደች" እያለ በሰላም ቤቱ ይገባ ነበር። ዛሬ ግን አውቀናል። ጠላቂዎች በሚታከሙበት ዓይነት የአየር ግፊት ክፍል ውስጥ ገብተው የዳኑ ኤሊዎች አሉ፤ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ መድረስ አለባቸው።

6. የማትንቀሳቀስ ከሆነ

ከመረብ የወጣች ኤሊ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷ ዝሎ፣ ሳትተነፍስ ልታገኟት ትችላላችሁ። ሞታለች ብላችሁ አትጣሏት። ሳንባዋ ውኃ ገብቶባት ራሷን ስታ ሊሆን ይችላል። ሞታለች የሚባለው ሰውነቷ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም መሽተት ከጀመረ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለችውን ሁሉ እንዳለች ቁጠሩ።

እንዲህ ታደርጋላችሁ። በሆዷ አስተኟት። የኋላ ክፍሏን ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ትልቅ ከሆነች ከዚያም በላይ። አሮጌ የመኪና ጎማ ካለ ጥሩ ነው፣ ካለዚያ ጣውላ፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ የዓሣ ሣጥን። ራሷ ዝቅ ሲል ውኃው በአፏና በአፍንጫዋ እየፈሰሰ ይወጣል። ሲወጣ ታያላችሁ፤ አንዳንዴ ከአረፋ ጋር ነው።

ከዚያ የቅርፊቷን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዛችሁ አንዱን ጎን ወደ 8 ሴንቲ ሜትር አንሡ፣ መልሱ፣ ሌላውን አንሡ፣ መልሱ። ቀስ ብላችሁ፣ እያወዛወዛችሁ። ደረቷን አትምቱ፣ አትጫኑ፣ በጀርባዋ አታስተኙ። አልፎ አልፎ የዓይኗን ሽፋን በጣት ነካ አድርጉ፣ ጭራዋን ቆንጠጥ አድርጉ። ትንሽ ብትንቀጠቀጥ አለች ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለዓሣ አጥማጆች የወጣው መመሪያ ይህን ከ4 እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንዲሞከር ያዛል። 24 ሰዓት! እኛ አምስት ደቂቃ አይተን ነው የምንጥለው። ትንፋሿ በጣም የራቀ ነው። አንድ ጊዜ ተንፍሳ ደቂቃዎች ልትቆይ ትችላለች። ራሷን ቀና አድርጋ፣ ጉሮሮዋ ከሥር እንደ ወናፍ ተነፍቶ፣ አፏን ትከፍትና ትስባለች፤ ከዚያ ራሷ ተመልሶ ይወድቃል። ሁለተኛው እስኪመጣ የእናንተም ትንፋሽ ይቆማል።

ራሷን ስታ እያለች ውኃ ውስጥ አትክተቷት። ወደ ባሕሩም፣ ወደ ባልዲውም። ውኃ ያነቃታል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፤ ራሷን ቀና ማድረግ የማትችል ኤሊ ጥልቀቱ ጣት በማያህል ውኃ ትሰጥማለች።

7. እስኪመጡ ድረስ

ጥላ ሥር አድርጓት። ፎጣውን በባሕር ውኃ አርጥባችሁ ቅርፊቷና መቅዘፊያዎቿ ላይ አልብሷት፣ አፍንጫዋን ግን አትሸፍኑ። በሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የጀልባ ወለል ምጣድ ነው፤ ከሥሯም እርጥብ ነገር አንጥፉ። በክረምቱ ብርድ ደግሞ ውኃ ከማፍሰስ ይልቅ ከነፋስ ከልሏት። አታብሏት፣ አታጠጧት። ቅርፊቷ ላይ የተለጠፉትን ነጫጭ ድንጋይ መሳይ ነገሮች አትፈልቅቁ፤ ያማታል።

ሰው ይሰበሰባል። ይህን መከላከል ከሁሉም ይከብዳል። ልጆች ሊነኩ ይፈልጋሉ፣ ሁሉም ስልኩን ፊቷ ላይ ይደቅናል። "ታማለች፣ ጸጥታ ትፈልጋለች" ብላችሁ ራቅ አድርጓቸው። ውሻ ያለው ሰው ውሻውን ይሰር። እንስሳ ላይ መጮህ ለኛ ነውር ነው፤ ቄሶቻችን ከኦሪት የሚያነቡልን የጠላትህ አህያ እንኳ ከጭነቱ በታች ወድቃ ብታይ አብረህ አንሣ እንደሚል ለልጆቹ ንገሯቸው። ልጆች ይህ ይገባቸዋል፤ አይቻለሁ፣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እስከ መጨረሻው ጃንጥላ ይዛ ስትቆም።

ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ኤሊዎች ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ጀርም ሊይዙ ይችላሉ።

መልቀቁን ባለሙያው ይወስን። "ልቀቅ" ካላችሁ ደግሞ፣ በጀልባ ከሆናችሁ ሞተሩ ማርሽ ላይ አይሁን፣ መረብ ውኃ ውስጥ አይኑር፣ ቦታውም ሌላ መረብ ያልተዘረጋበት ይሁን። ራሷን አስቀድማችሁ ቀስ ብላ እንድትገባ አድርጉ። አትወርውሯት።

እንዳትያዝ

ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፣ ደግሞም ቀላል።

ኤሊ ስትተነፍስ ካያችሁ ክራችሁን አውጡ። ትንሽ ጠብቁ ወይም ቦታ ቀይሩ። የዓሣ አንጀትና የተረፈ ማባበያ በቆማችሁበት ቦታ ወደ ውኃ አትጣሉ፤ ምግብ የለመደች ኤሊ ከቦታው አትጠፋም። ስኩዊድ በጣም ትወዳለች፤ ሊጥ ወይም ቁራጭ ዓሣ የሚሠራላችሁ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ። ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ መንጠቆ ይሻላል፤ ብትውጠው እንኳ ብዙ ጊዜ ጉሮሮ ውስጥ አይተከልም፣ ከንፈር ዳር ነው የሚይዘው። ለዓሣውም ያው ነው። የማይዝግ መንጠቆ አትግዙ።

የተበጠሰ ክር ድንጋዩ ላይ አትተዉ። እኔ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ወገቤ ላይ አስሬ የራሴንም የሰውንም እዚያ እሰበስባለሁ፤ አንድ ጠዋት ብቻ ጠርሙሱ ግማሽ ይሆናል።

መረብ የምትዘረጉ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ አትተዉት፤ ቶሎ ቶሎ እዩት። ፔሩ ውስጥ በሴቹራ የባሕር ወሽመጥ በመረቡ ላይኛው ገመድ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ መብራት ቢሰቀል የሚያዙት አረንጓዴ ኤሊዎች በ64 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፣ የሚፈለገው ዓሣ ግን አልቀነሰም። ኤሊዋ መረቡን ታያለች፣ ትዞራለች፤ በቃ።

ታችኛውን ወለል እየጠረጉ ለሚጎትቱ ትልልቅ መርከቦች ደግሞ መረቡ አንገት ላይ የሚገባ የብረት ፍርግርግ አለ። ሽሪምፑ በብረቶቹ መካከል ያልፋል፣ ኤሊዋ ፍርግርጉን ትመታና ከላይ ወይም ከታች ባለው ቀዳዳ ትወጣለች። በትክክል ሲገጠም ከ100 ኤሊ 97ቱን ያስወጣል። የፍርግርጉን ሐሳብ ያመጣው ምሁር አይደለም፤ ሲንኪ ቡን የሚባል የአሜሪካዋ ጆርጂያ ሽሪምፕ አጥማጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ መረቡን የሚሞላበትን ጄሊፊሽ ለማስወጣት ብሎ። እጁ መረብ የለመደ ሰው ያየውን ነገር ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ አያየውም። እናንተም በጀልባ የምትሠሩ፣ ኤሊ የሚበዛበትን ቦታና ሰዓት ታውቃላችሁና ለባለሥልጣኑ ንገሩ።

ከእስራኤል ውጭ ላላችሁ

ፍሎሪዳ ድልድይ ላይ የምታጠምዱ ከሆነ ያው ሥርዓት ነው፦ አትጎትቱ፣ በመረብ አንሡ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ክር አስቀሩ፣ ደውሉ። የግዛቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን ቁጥር 888-404-3922 ነው። ብዙ ድልድዮች ላይ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ስትገቡ ፎቶ አንሡት። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁም የባሕር ኤሊ በየአገሩ በሕግ የተጠበቀች ናት። ዳርቻው ላይ ያለውን ጥበቃ ወይም የባሕር ጠባቂ ኃይሉን ጥሩ።

እና ናታኒያና ሚኽሞሬት መካከል ለምታጠምዱ አንድ ነገር ልጨምር። የእስክንድር ወንዝ አፍ አካባቢ፣ ቤት ያናይ ጋ፣ ሌላ ትልቅ ኤሊ ልትይዙ ትችላላችሁ፦ ቅርፊቷ እንደ ቆዳ የለሰለሰ፣ አፍንጫዋ እንደ ቱቦ የረዘመ። እሷ የባሕር ኤሊ አይደለችም፣ የዓባይ ለስላሳ ኤሊ ናት፣ ኦሞ ወንዝ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅም የምትኖር። አንገቷ ከምታስቡት በላይ ወደ ኋላ ይደርሳል፣ ንክሻዋም ከባድ ነው፤ ከኋላ በኩል ካልሆነ አትቅረቧት። እሷም የተጠበቀች ናት። ቁጥሩም ያው ኮከብ 3639 ነው።